አብረን የቀበርነው ሞተር

እንድሪስዬ፣ የቤቴ ሰው፣ አሰላሙ ዐለይክ።

ከተለየኸን ሦስት ዓመት ከመንፈቅ ሆነ። ቤቱ እንዳለ ነው፤ በጥይት የተበሳሳውን ቆርቆሮ አስደፍነነዋል። ጀልባህን ጎረቤታችን ይመር እየቀዘፈ ዓሣ ያወጣበታል፣ ካገኘው ላይ ያካፍለናል። ልጃችን ሀያት ዐሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨረሰች፤ ፈተናው ግን አልሆነላትም። ቁመቷ አንተን አክሏል።

ዛሬ የምጽፍልህ ስለ ሞተሩ ነው።

ለውጥ መጣ በተባለ ሰሞን፣ ሐይቁን ሊያይ የሚመጣ እንግዳ ይበዛል ብለህ በሬያችንን ሸጠህ ያንን አሮጌ የጀልባ ሞተር ስታመጣ ተኳርፈን ነበር። ኋላ ሀያትንና እኔን አሳፍረህ ሐይቁን ስታዞረን፣ ንፋሱ ሻርፔን ነጥቆት ሦስታችንም ስንስቅ፣ በሬውን ረሳሁት። ከዚያ እንግዳው ቀረ፣ ጦርነቱ ተጀመረ። አንድ ቀን ቤንዚን ጠፋ አልከኝና ወደ መቅዘፊያህ ተመለስክ።

ታጣቂዎች ቀረቡ ሲባል፣ ይወስዱብናል፣ እንቅበረው ያልኩህ እኔ ነኝ። በሁሉ ነገር የምትከራከረኝ ሰው ያን ቀን ዝም ብለህ አካፋ አነሳህ። በላስቲክና በማዳበሪያ ጆንያ ጠቅልለን ጓሮ ቀበርነው፣ ላዩ ላይ የማሽላ አገዳ ከመርንበት።

በሳምንቱ ሆድህን ይዘህ ወደቅክ። መንገዱ ተዘግቷል፣ ከተማው ውስጥ ሐኪም የለም። ከሐይቁ ማዶ ጡረታ የወጣ ነርስ አለ ሲሉን ጀልባው ውስጥ አስተኛንህ። ይመር ቀዘፈ፣ እኔም ቀዘፍኩ። መዳፌ ተላጠ፤ ማዶው ግን አልቀርብ አለኝ። "ምነው ባልቀበርነው!" እያልኩ ሳለቅስ እጄን ጨበጥ አድርገህ ራስህን ነቀነቅክ። ዝም በይ ያልከኝ መስሎኝ ነበር። ዳር ሳንደርስ ሄድክ።

ከዚያ ወዲህ፣ ሞተሩ በእጃችን ቢኖር ጥቂት ቤንዚን ለምኜም ቢሆን በደረስን ነበር፣ እኔ ነኝ የገደልኩት እያልኩ ኖርኩ። ለማንም አልተናገርኩም። ጓሮ መውጣት እንኳ አስጠላኝ።

ዘንድሮ ሀያት ዓረብ አገር እሄዳለሁ አለች። ለመንኳት፣ ተቆጣኋት፣ እንቢ አለች። በመጨረሻ፣ "የአባዬ ሞተር ከተሠራ እቀራለሁ፤ ከይመር ጋር እሠራበታለሁ" አለችኝ። እንዲህ ስትል ምን እንደሆንኩ አትጠይቀኝ። ቆፍረን አወጣነው። ሚኒባስ ጣራ ላይ አስጭኜ ደሴ፣ የጀልባ ሞተር ይጠግናል ወደተባለ ጋራዥ ወሰድኩት፤ መንገዱን ሙሉ ዱዓ ሳደርግ ነበር።

የባለቤቴ ነው ስለው መካኒኩ ጆንያውን ገለጥ አድርጎ አየና፣ "እህቴ፣ ይሄን ሞተር አውቀዋለሁ" አለኝ። "ባለቤትሽ ጦርነቱ እዚህ ሳይደርስ፣ በክረምቱ አምጥቶት ነበር። ብሎኩ፣ ዋናው አካሉ፣ ተሰንጥቋል፣ መለዋወጫም የለው። ያኔም አይሠራም ብዬዋለሁ። አልነገረሽም?"

አልነገርከኝም። የጠፋው ቤንዚን አልነበረም። አንተ እያወቅክ፣ እኔ ሳላውቅ፣ የሞተ ሞተር ነው የቀበርነው።

ደረቴ ላይ የተጫነው ይነሳልኛል ብዬ ጠበቅኩ። አልተነሳም። ራሴን በከንቱ ስከስ ኖሬያለሁ ብዬ ላርፍ ስል፣ አንተ ብቻህን ይዘኸው የኖርከው መጣብኝ። የበሬውን ነገር አንስቼ እንዳልወቅስህ ፈርተህ ነው? ጀልባው ውስጥ ራስህን የነቀነቅከው ይህን ልትለኝ ነበር? አንዴ ልቆጣህ እፈልጋለሁ፣ አንዴ እግርህ ላይ መውደቅ ያምረኛል። ሁለቱንም አልችልም።

ሞተሩን እዚያው ጋራዡ ውስጥ ትቼው ተመለስኩ። ለሀያት ሁሉንም ነገርኳት። አላለቀሰችም፤ "አባዬ አሳዘነኝ" ብቻ አለች። በነጋታው ፓስፖርት ልታወጣ ሄደች። በር ላይ ቆሜ አየኋት። አትሂጂ ብዬ በምትኩ የምሰጣት ነገር የለኝም። አንተ ብትኖር ምን ትላት እንደነበር አስባለሁ፤ አይመጣልኝም።

እሷ ስትሄድ በዚህ ቤት ስለ አንተ የማወራው ሰው አይኖርም። እኔ ግን ሰው ሰማኝ አልሰማኝ፣ ስወጣ ስገባ ስምህን እጠራለሁ። የነገርከኝንም የደበቅከኝንም አንድ ላይ ይዤ፣ አላህ ዕድሜ እስከሰጠኝ ድረስ አልረሳህም።

ሚስትህ ሉባባ