ከማሬ ቀሚስ የተቀደደ እራፊ

ሰኞ

አዝመራ ዛሬም አልመጣችም። ማሬ ዴስኩ ላይ ብቻዋን ናት። ሁለቱን ጎን ለጎን ያስቀመጥኳቸው እኔ ነኝ። «የቀጥቃጭ ልጅ ናት፣ ቡዳ ናት» ብሎ ማንም አጠገቧ ሊቀመጥ ባልፈቀደ ጊዜ፣ እጇን አውጥታ «እኔ እቀመጣለሁ» ያለች አዝመራ ብቻ ነበረች።

የዛሬ ትምህርት፦ ሳይንስ፤ ንጽሕናና በሽታ። አንዱ ከኋላ፣ «እትዬ፣ የቡዳስ መድኃኒቱ ምንድን ነው?» አለ። ክፍሉ ሳቀ። አስወጣሁት። ስሕተት ነው፤ ማስወጣት መልስ አይደለም።

ማክሰኞ

የአዝመራ እናት፣ ወይዘሮ እናኑ፣ በዕረፍት ሰዓት መጡ። ልጃቸው በትኩሳት እየቃዠች «ማሬ፣ ማሬ» ትላለች። እዚህ አገር ይህ ፍርድ ነው፤ በሽተኛ የጠራው ሰው በልቶታል ይባላል።

«ከማሬ ቀሚስ እራፊ ስጪኝ፤ አጭሼ ልጄን ልጠናት። ሌላ ምንም አልልም።»

«የምትጠራው እኮ ጓደኛዋን ነው» አልኳቸው።

«ምነው አስተማሪዋ! አልወለድሽ፣ ምን ታውቂ!»

ከለከልኩ። ርእሰ መምህራችን፣ «ጓድ፣ ይህን የአድኃሪያን ወሬ አብዮቱ ቀብሮታል» አሉኝ። ወዲያው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ልጅቷ ግን ለጊዜው ቤቷ ብትቆይ ሸጋ ነው» አሉ። እምቢ አልኩ።

ረቡዕ

ጎሕ ሲቀድ አምባ ጊዮርጊስ ወርጄ ጤና ረዳቱን ይዤ አዝመራ ቤት ገባሁ። ተስቦ ነው፤ ቅማል የሚያመጣው። መርፌ ወጋት፣ ኪኒን ሰጣት። ወይዘሮ እናኑ በሩ ላይ ቆመው አዩን።

ከሰዓት በኋላ የማሬ ቀሚስ ጫፉ ተቀድዶ አየሁ።

«ማነው የቀደደው?»

«እኔው ነኝ፤ በጥርሴ። ለእናቷ ሰጠኋቸው፤ አዝመራ እንድትድን።»

ልቆጣት ፈልጌ አልቻልኩም። ጓደኛዋን ለማዳን የለበሰችውን ቀድዳ ሰጠች። መስጠቷ ግን እንደ ማመን ይቆጠርባታል።

ሐሙስ

የአዝመራ ትኩሳት በረደ! ደስታዬን ሳልጨርስ ወሬው ደረሰኝ፦ እራፊው ጨሰ፣ ልጅቷ ዳነች፤ ማሬ እንደበላቻት ተረጋገጠ። መርፌውን የሚያነሣ የለም። ጤና ረዳቱ እንኳ፣ «እኔማ ረዳት ነኝ፤ ዋናው ሐኪም ጭሱ ነው» ብሎ ቀለደ። አልሳቅሁለትም።

ከማሬ ፊትና ኋላ የሚቀመጡት ልጆች ሁሉ ቀርተዋል። በባዶ ዴስኮች መካከል ሆና ማባዛት ሠራች። አልተሳሳተችም።

ዓርብ

የማሬ አባት፣ አያ ተገኘ፣ የከሰሉ ጥላሸት ከእጃቸው ሳይለቅ መጡ።

«ልውሰዳት፣ አስተማሪዋ። ፊደሉን ለይታለች፤ ይበቃታል። እኛስ ለምደነዋል።»

እስከ ሰኞ እንዲያስቡበት ለመንኳቸው። በሩ ላይ ሊጠብቋት ወጡ።

ማሬ ደብተሯን ሰብስባ ወደ እኔ ቀረበች። «እትዬ፣ ሳላውቀው በልቻት ይሆን?»

«የለም» አልኳት። ስለ ቅማሉ፣ ስለ ተስቦው፣ ስለ መርፌው አንድ በአንድ አስረዳኋት። ራሷን እየነቀነቀች ሰማችኝ፤ ምንጊዜም ትጉ ተማሪ ናት። ያመነችኝ መሰለኝ።

ልስማት ጎንበስ ስል ዓይኖቿን ጭፍን አደረገች።

«ምነው ማሬ?»

«እርስዎንም እንዳላሳምምዎት።»