በኦርቪል ስም የተሰቀለው ጓንት

ውድ ወንድሜ ቨርሊን፣

ለመሆኑ እንዴት ነህ? ደግሜ ልጠይቅህ፣ እንዴት ነህ? ያ የአላስካ ብርድ እንዴት እያደረገህ ነው? ወይስ እንደ ድሮህ ያለ ኮፍያ ነው ጀልባው ላይ የምትወጣው? የግራ ትከሻህስ ተሻለህ? ባለቤትህ ዶሪን ደህና ናት? ልጃችሁ ኬይ ጥርሷ ተነቃንቆ አላስነካ አለች ብለኸኝ ነበር፤ ወለቀላት ወይ? እኛ ደህና ነን። እማዬም ጉልበቷን ከማማረሯ በቀር ደህና ናት። እኔም አለሁ፣ ጥርጣሬዬም አብሮኝ አለ። "ሎርና ስትወለድ አዋላጇን በጎሪጥ ነው ያየቻት" ትለኝ አልነበር? እሱ አመሌ አሁንም አልለቀቀኝም።

የምጽፍልህ ስለ ጓንት ፋብሪካው ነው። ይህን ስታነብ ወረቀቱን አጥፈህ ኪስህ እንዳትከተው፤ አደራህን፣ እስከ መጨረሻው አንብበው።

ያ የምታውቀው አለቃ ጡረታ ወጣ። በእሱ ቦታ በጸደይ ወራት ማርሲ ክሎስተርማን የምትባል ሴትዮ መጣች። እኛ ስሟን በቅጡ ሳንይዝ እሷ የሁላችንን ስም ከነልጆቻችን ታውቀው ነበር። ይሄ ራሱ አላማረኝም። አንድ ቀን ማሽኖቹ መሐል ሰበሰበችንና "ከእንግዲህ ዓርብ ዓርብ ከምሳ በኋላ ሥራ የለም። ቁርጥራጭ ቆዳው ያው፣ እንደ ልባችሁ። ያሰባችሁትን ነገር ሞክሩበት። ደመወዛችሁ አይነካም፤ ምን ሠራችሁ ብዬም አልጠይቅም" አለችን። ቆዳ ቆራጩን ዱዌንን ታውቀው የለ፣ በጆሮዬ "የማይጠይቅ አለቃ መልሱን አስቀድሞ የያዘ ነው" አለኝ። እኔም በልቤ ልክ ብለሃል አልኩ።

እንዴትስ አልጠረጥር! ያ የድሮው አለቃም እኮ እንዲሁ እየሳቀ ነበር ሐሳብ አምጡ ያለው። አንተ ደግሞ የዋህ፣ የጓንት ጣት በአየር ገፍቶ የሚገለብጥ መሣሪያ ስትሠራ ከረምክ። እማዬና ጓደኞቿ ተገልብጦ የተሰፋውን ጓንት ጣት በጣት በእንጨት ሲያወጡ ውለው እጃቸው ሲያብጥ አይተህ እኮ ነው፤ ልታሳርፋቸው ብለህ። አለቃው በሰው ፊት ጨበጠህ፣ ጃኬት ሸለመህ፣ ፎቶ አስነሳህ። ብዙም ሳይቆይ በገልባጮቹ ጠረጴዛ የነበሩትን በሙሉ አሰናበተ። እማዬ ያን ቀን መገልበጫ እንጨቷን ቦርሳዋ ውስጥ ከትታ ስትገባ አንተ ኩሽና ውስጥ ቆመህ ነበር። ከዚያ አንተ ወደ አላስካ ሄድክ። ታዲያ እኔ የማን እህት ነኝና ነው ዓርብ በመጣ ቁጥር ሐሳቤን አውጥቼ የምሰጠው?

መጀመሪያ ላይ ማንም ንክች አላደረገም። ካርታ ተጫወትን፣ ሹራብ ሠራን፣ ማታ የትኛው ቤት የዓሣ ጥብሱ ይሻላል እያልን ተከራከርን። ሴትዮዋ አንድም ቀን አልተቆጣችም። እሷው ጥግ ይዛ ትሰፋለች። አንድ ዓርብ የሰፋችውን አመጣችልን፤ መዳፉ ላይ የጋለ ድንጋይ መያዣ ኪስ ያለው ጓንት። አጥልቃው እጇን መጨበጥ አቃታት። ምን ልበልህ፣ ሳቅ በሳቅ ሆንን። እሷም አብራን ስቃ ስትጨርስ ግድግዳው ላይ ቸነከረችውና "አልሆነም፤ ማርሲ" ብላ ጻፈችበት። "ያልሆነ ነገር የሠራ ሁሉ እዚህ ይስቀል። የሆነለትም ይስቀል። ስማችሁን ብቻ እንዳትረሱ" አለች።

ስም! ይኸውልህ፣ መጣች አልኩ። ዱዌንም "ማን ከማን እንደሚቀነስ በግድግዳ ላይ ልታነበው ነው" አለ። ግን ቨርሊን፣ ታውቀን የለ፣ እጃችን አያርፍም። አንዱ ሲጀምር ሌላውም ጀመረ። ዘዴውን ያመጣው ዱዌን ነው፤ የሠራነውን ሁሉ በኦርቪል ሊንድክቪስት ስም ሰቀልነው። አዎ፣ ያው የድሮው ሠራተኛ ኦርቪል! በሕይወቱ ከማጉረምረም በቀር አዲስ ነገር ያልሞከረ፣ ነፍሱን ይማረውና ቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ተኝቷል። በበጋው መጨረሻ ግድግዳው በኦርቪል ሥራ ተሞላ። ሞቶ እንዲህ የበረታ ሰው አላየሁም።

እኔም አንድ ነገር ሠራሁ። የእንጨት ቆራጮች ጓንት ሁሌም የሚቀደደው አውራ ጣቱ ሥር ነው። ስፌቱን ከመዳፉ አንስቼ ወደ እጅ ጀርባ አዞርኩት። ሠርቼ ሳየው ደስ አለኝ፤ ወዲያው ደግሞ አንድ ነገር አሰብኩ። አውራ ጣቱ ካልተቀደደ እዚያ ላይ ማጠናከሪያ ቆዳ መጣፍ ምን ያደርጋል? የምትጥፈው ደግሞ ግሬታ ናት። ባሏ ከታመመ ወዲህ ቤቱ በእሷ ነው የቆመው። እማዬ ከነቦርሳዋ ፊቴ ድቅን አለችብኝ። አፍርሼ ልጥለው አልኩ፤ እጄ እምቢ አለኝ። በኦርቪል ስም ሰቀልኩትና ማንም ባያየው ብዬ ተመኘሁ።

ማርሲ ግን አየችው። ይዛው ሄዳ ቅዳሜና እሑድን እንጨት ስትፈልጥበት ሰነበተች። የሁላችንንም ስም እያወቀች ሰኞ መጥታ "ኦርቪልን ልጨብጠው እፈልጋለሁ፣ የታለ?" አለች። ዱዌን ከኋላ "ዛሬ አልገባም" አለ። "መቼ ይገባል?" አለችው። "ሙታን ሲነሡ" ሲላት ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እሷ ግን አልሳቀችም፣ አልተቆጣችምም። እያንዳንዳችንን ቀስ ብላ አየችንና "ምን ያህል ብትፈሩ ነው ሙት የላካችሁት?" አለች። ስለ ገልባጮቹ ጠረጴዛ የነገረቻት ኋላ ግሬታ ናት።

ከዚያ ዋናው ቢሮ ሰው ላከ፤ ጫማው የሚያብረቀርቅ። ማርሲ በር ዘግታ አታወራም፤ እዚያው ማሽኖቹ መሐል አቆመችው። የጓንቱን አውራ ጣት እያገላበጠ "ግሩም ነው። እንግዲህ ጣፊዎቹ ትርፍ ሆኑ ማለት ነው" አለ። የግሬታ መርፌ ቀጥ አለ። ቨርሊን፣ ያኔ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ እመርጥ ነበር። ማርሲም ፊቷ ሳይለወጥ "አይሆንም። የሠራው ኦርቪል ሊንድክቪስት ነው። በእኔ ሥራ ሰበብ አንድ ሰው ከወንበሩ ቢነሣ ሌላ ነገር አልሠራም ብሏል" አለችው። ሰውዬው "እስቲ ላነጋግረው" አለ። "አይቻልም። ከዋናው ቢሮ ከመጣ ሰው ጋር አይነጋገርም፤ ጠባዩ አስቸጋሪ ነው።" ዱዌን ሳቁን ለማፈን ጓንት አፉ ውስጥ ከተተ። ከዚያ ግን ቀልዱን ተወችና "እነዚህ ሰዎች አንዴ ሐሳብ ስጡ ተብለው ሰጥተው እናቶቻቸው ተባረሩ። ያ ከሚደገም እኔው ልሂድ። ጣፊዎቹ አዲሱን አውራ ጣት ይሰፋሉ" አለችው። ሰውዬው አጉተምትሞ ሄደ። ግሬታ ይኸው ዛሬም ወንበሯ ላይ ናት።

አመንኳት ወይ ብትለኝ፣ አላመንኳትም። በሰው ፊት የተባለ ቃል ከበር ጀርባ ሲለወጥ አይተናል። አንድ ዓይኔ ዛሬም እሷ ላይ ነው።

ግን ያለፈው ዓርብ የሆነውን ልንገርህ። ቤተሰቦቻችን ያሻቸውን ምግብ ይዘው መጥተው ግድግዳውን እንዲያዩ ተጠሩ። እማዬ ያን በር ከረገጠችው ስንት ዘመኗ! እኔም አልጠየቅኳት። ግሬታ ናት ቤት ድረስ ሄዳ "አርሊስ፣ ልጅሽ ወንበሬን አልወሰደችብኝም፣ ነይና እይ" ያለቻት። እማዬ የድንች ወጧን ይዛ መጣች። በግድግዳው በኩል ቀስ እያለች አለፈችና አውራ ጣቱ ጋ ስትደርስ ቆመች። "ይሄ ኦርቪል አይደለም፤ ይሄ የሎርና ስፌት ነው" አለች። ከዚያ ቦርሳዋን ከፈተች። ያ መገልበጫ እንጨት፣ ቨርሊን! እስከ ዛሬ ጥላው አታውቅም ለካ። ዱዌንን መዶሻ አስመጥታ እንጨቱን ሰቀለችው፤ ከሥሩም በገዛ እጇ "ቨርሊን" ብላ ጻፈች።

ወደ ቤት ስንመለስ መኪና ውስጥ "ያ ልጅ ሥራዬን በማጣቴ የተቆጣሁት መስሎት ነው?" አለችኝ። "እጄን ሊያሳርፍ እንደነበር አውቃለሁ። የተቆጣሁት ሳይሰናበተኝ ስለሄደ ነው" አለች። ከዚያ በኋላ እስከ ቤት ድረስ በመስኮቱ ስታይ መጣች።

እኔም ሰኞ የኦርቪልን ስም ሰርዤ የራሴን ጻፍኩ፤ በትንንሽ ፊደል።

የአጋዘን አደኑ ሊከፈት ነው። ብርቱካንማው የአደን ካፖርትህ ከበሩ ጀርባ እንደተንጠለጠለ ነው፤ እማዬ ትናንት አቧራውን አራግፋዋለች። እኔ ና አላልኩህም፣ አይቻለሁ ነው የምልህ።

ለዶሪን ሰላምታዬን አድርስልኝ፣ እጆቿን ከብርድ ትጠብቅ፤ አዲሱን ጓንት ልኬላታለሁ። ኬይን ጉንጯን ሳምልኝ። ዱዌን ሰላም ብሎሃል፣ ኦርቪልም እንዲሁ ይላል። ግሬታና ባሏ ሰላም ይሉሃል። እማዬ ግን ሰላምታ አልላከችም፤ "በአፌ ነው የምነግረው" ብላለች።

እህትህ ሎርና

ኤልም ፎርድ፣ ዊስኮንሲን
ኖቬምበር 8 ቀን 2017