«የመጨረሻው ብረት ነው» ብለው ስላከፋፈሉን ስለ አቶ ክላይቭ ፔንጌሊ ዕረፍት

የሜይፊልድ ጡረተኛ ብረት አቅላጮች ማኅበር ዋና ጸሐፊ የነበሩት አቶ ክላይቭ ፔንጌሊ ባለፈው ማክሰኞ በሰማንያ አንድ ዓመታቸው እዚሁ በአውስትራሊያዋ ኒውካስል አርፈዋል። ማኅበሩ ጥልቅ ሐዘን ተሰምቶታል። ጥልቅ ንዴትም ተሰምቶታል። የትኛው እንደሚብስ ኮሚቴው መወሰን ስላልቻለ ሁለቱም በዚህ መግለጫ እንዲገቡ ተስማምቷል።

በ1949 (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) በአሥራ ስድስት ዓመታቸው ፋብሪካው ገቡ። አርባ ሁለት ዓመት ከምድጃው አልተለዩም። ሥራ አይበድሉም ነበር፤ ይህን የሚክድ የለም።

በ1974 አድማ ላይ ለነበሩ ቤተሰቦች ሾርባ የሚታደልበትን ድንኳን በበላይነት መርተዋል። ሾርባው ቀጭን ነበር።

በ1999 መስከረም ፋብሪካው ሲዘጋ፣ በመጨረሻው ቀን ከቀለጠው ብረት ቁራጭ የማይፈልግ ቤት አልነበረም። አቶ ክላይቭ አንድ ዘንግ አስፈቅደው እንዳወጡ ነገሩን። ጋራዣቸው ውስጥ እየቆረጡ፣ ቀኑን እየመቱበት፣ በአሥራ አምስት ዓመት ውስጥ ስድስት መቶ አሥራ ሁለት ቁራጭ አደሉ። ቁራጩ ከሠርግ ፎቶ ጎን ይቀመጣል። አባል ሲሞት ደግሞ ስድስት ጓደኞቹ ሳጥኑን ይሸከማሉ፣ ቁራጩም በደረት ኪሱ ገብቶ አብሮት ይቀበራል። እስካሁን አርባ ሦስት ሰው እንዲህ ቀብረናል።

ሙት ወቃሽ አያድርገንና፣ አቶ ክላይቭ ባለፈው ወር ከሆስፒታል አልጋቸው ላይ ሆነው ለኮሚቴው ደብዳቤ ጻፉ። ዘንግ የሚባል ነገር አልነበረም። ብረቱ የብረት ተፎካካሪያችን በሆነችው በወሎንጎንግ ከተማ ከሚኖሩት አማቻቸው ጓሮ የመጣ ቁርጥራጭ ነው። «ሰው እየመጣ ሲጠይቀኝ የለም ማለት አቃተኝ» ይላል ደብዳቤው። ከፋብሪካችን ሰርቀው ቢሆን ኖሮ ማኅበሩ ያመሰግናቸው ነበር። የወሎንጎንግ ምድጃ ግን ዛሬም ይነዳል። የእኛ ቦታ ላይ ሣር በቅሏል። አርባ ሦስት ጓደኞቻችንን በእነሱ ብረት ቀብረናል ማለት ነው።

የሟች ልጅ ወይዘሮ ሊኔት አባታቸውን እንደ ልማዱ ስድስት አባላት እንዲሸከሙላቸው ጠየቁ። በዚህ ላይ ለመወሰን ሐሙስ ዕለት በቦውሊንግ ክበቡ አዳራሽ ጠቅላላ ጉባኤ ተጠራ። ሰባ አንድ አባላት ተገኙ። የተባለው በቃለ ጉባኤ እንደተያዘው ነው።

አቶ ቦሪስ ናውሞቭስኪ፦ «እኔ ልሸከመው? በደጁም አላልፍ። ወንድሜን በባዕድ ብረት አስቀበረኝ እኮ ይሄ ሰውዬ።»

ወይዘሮ ሊኔት፦ «አባቴ አጥፍቷል፣ አልከራከራችሁም። ግን ብቻዬን ልሸከመው አልችልም።»

አዳራሹ ውስጥ ያዘነላቸው ሰው አልታየም። አንዳንዱ «ወሎንጎንጎች ይሸከሙት» ብሏል። ድምፅ ሊሰጥ ሲል የሟች አባላችን የጃክ ሃርግሬቭ ባለቤት፣ የሰማንያ ስድስት ዓመቷ ወይዘሮ ኦድሪ፣ የመናገር ዕድል ጠየቁ።

«እናንተ ሰዎች፣ ቤቱ ግራይንደር የሌለው አለ? ብረት ግራይንደር ሲነካው በሚረጨው ብልጭታ ዘሩን የምትለዩ ናችሁ። ጃክ ቁራጩን ያመጣ ዕለት ነው ጓሮ ሄዶ የሞከረው። ‹የኛ ሲፈነጣጠር ነው የማውቀው፣ ይሄ ቀጥ ብሎ ይወርዳል፤ የኛ አይደለም› አለኝ። ከዚያ ጠርጎ መደርደሪያው ላይ አስቀመጠው። ሊሞት ሲልም ‹ኪሴ ይግባ› አለ። እና እናንተ አልሞከራችሁም?»

ሰብሳቢው የሞከረ ሰው እጁን እንዲያወጣ ጠየቁ።  በመጀመሪያ አንድ፣ ከዚያ አምስት፣ ከዚያ አዳራሹ በሙሉ አነሣ። አንድ አባል ትከሻቸው ስለማይነሣላቸው በቃል አረጋግጠዋል። መጨረሻ ያነሡት አቶ ናውሞቭስኪ ናቸው።

ስለዚህ ማኅበሩ ሟችን እንዲሸከም ወስኗል። ይቅርታ ግን አላደረገም። እያንዳንዳችን ውሸቱን ለብቻችን ያወቅን መስሎን አሥራ አምስት ዓመት አንዳችን ከአንዳችን ደብቀናል፤ ለዚህ ያበቁን እሳቸው ናቸው፣ እኛም ነን። ንዴቱ በአንድ ሬሳ ላይ ብቻ የሚጫን ሆኖ አልተገኘም።

ለወይዘሮ ሊኔት፣ ለልጆቻቸውና ለሥራ ባልደረቦቻችን በሙሉ መጽናናትን እንመኛለን። ቀብሩ ቅዳሜ ጠዋት በአራት ሰዓት ነው። ከፊት በግራ በኩል የሚሸከሙት አቶ ናውሞቭስኪ ናቸው።

ሟች ለራሳቸው አንድም ቁራጭ አላስቀሩም። ቤታቸው ውስጥ ተፈልጎ አልተገኘም። በደረት ኪሳቸው የሚገባውን አቶ ናውሞቭስኪ ከራሳቸው መደርደሪያ አምጥተዋል፤ በአንድ ጠርዙ ላይ ግራይንደር የነካው ቦታ ይታያል።