ወደ ህንድ የላክሁት የልደት ሰዓት

ጥር 4፣ ሰኞ፣ ማታ 1፡00
ዛሬ ሦስት ወሊድ። ሁለት ሴት፣ አንድ ወንድ። ሁሉም ደህና። መዝገቡ ላይ ሰዓትና ደቂቃ ጻፍሁ፣ ፈረምሁ፣ እጄን ታጠብሁ። ወዲያው ሳ. ደወለ።

አንተ ደብተር፣ ሳ. ማለት ሳንጃይ እንደሆነ መቼም ታውቃለህ። ደ/ታቦር አራት ዓመት ሒሳብ ያስተማረው፣ ኮንትራቱ አልቆ አገሩ የገባው፣ አማርኛው ላይ "እግዜር ይስጥልኝ" የሚያበዛው። ከፋሲካ በኋላ ሊያገባኝ ነው። አሁን እናቱ የተወለድሁበትን ቀን፣ ሰዓትና ቦታ ይፈልጋሉ። በእነሱ ዘንድ ሁለት ሰዎች ከመጋባታቸው በፊት አዋቂ የሁለቱንም ኮከብ ያመሳክራል። ከሠላሳ ስድስት ነጥብ ቢያንስ አሥራ ስምንት መምጣት አለበት። ሳ. ራሱ ብዙም አያምንበትም። እናቱ ግን ባላቸው ሞተዋል፣ ከእሱ ሌላ ልጅ የላቸውም፣ ያለዚያ ወረቀት አይመርቁንም።

እሺ አልሁት። ምን ልበል? እኛስ ጠይቀን የለ? አባባ የጋይንት ቤተ ልሔም መሪጌታ ናቸው፤ ይጠመቅ፣ ሌላ ነገር አልጠይቅም አሉ። እሱም ሳያንገራግር እሺ አለ። እኛ ጥምቀት፣ እነሱ ሰዓት።

ችግሩ፣ ሰዓቴን አላውቀውም።

ጥር 6፣ ረቡዕ
መታወቂያዬ መስከረም 1 ይላል። የአንደኛ ክፍል መምህራችን ስንመዘገብ የጻፈው ነው። ከክፍላችን ግማሹ መስከረም 1 የተወለደ ነው። የጋይንት እናቶች ያን ቀን ተቀጣጥረው ያማጡ ይመስላል። ይህን እንዴት እልካለሁ?

ሥራዬ አዋላጅ ነርስ። የሰው ልጅ የመጣባትን ደቂቃ ስጽፍ እውላለሁ። የራሴን ግን የጻፈው የለም። ለጥምቀት አገር ቤት እገባለሁና እማን እጠይቃታለሁ።

ጥር 12፣ ማክሰኞ፣ ጋይንት
አባባ ሚካኤልን ሊያስገቡ ወጥተዋል። እማ ምስር ትለቅማለች። ጠየቅኋት። ማን ነው የፈለገው አለች። ነገርኋት። የሚቆጥረውስ ሰው ማን ነው? ምን ዓይነት ሰው ነው? አላውቀውም አልሁ። አንቺ የማታውቂው ሰው ሰዓትሽን ምን ያደርግለታል አለች። ደግሜ አስረዳሁ። ልመና ሆነ። ሰዓቱን ከነገርሽኝ አገባለሁ፣ ካልሆነ የሳ. እናት እንቢ ማለታቸው ነው አልኋት።

ሁለት ጠጠር ለቅማ ጣለች። ከዚያ ከምስሩ ቀና ሳትል፣ ለኅዳር ጽዮን አጥቢያ ነው፣ ዶሮ ሁለተኛ ሲጮህ አለች። ዓመቱስ? አባትሽ ድጓውን ጨርሰው የገቡ ዓመት። ቆጠርሁ። ሃያ ዘጠኝ ሆንሁ። እኔ እስከ ዛሬ ሃያ ሰባት ነኝ እላለሁ። ቀጭን ስለነበርሽ ት/ቤት ዘግይተን አስገባንሽ፣ እነሱም አሳንሰው ጻፉሽ አለች።

በአንድ ቀን ሁለት ዓመት አረጀሁ። ሳቅሁ። እሷ አልሳቀችም።

ጥር 14፣ ሐሙስ፣ ወደ ሥራዬ ተመልሼ፣ መካነ ኢየሱስ
ዶሮ ሁለተኛ ሲጮህ፦ ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ግድም። በፈረንጅ አራት። ዓ.ም. ሲደመር ሰባት። ሦስት ጊዜ አሰላሁት፣ ለፋርማሲስቷም አሳየሁ። ቦታ፦ ጋይንት። ላክሁ። ሳ. የሳቅ ምልክት መለሰ። ደስ ብሎኛል።

ጥር 20፣ ረቡዕ
አሥራ አንድ።

ከሠላሳ ስድስት አሥራ አንድ። ማርስ የምትባለው ኮከብ ክፉ ቦታ ተቀምጣለች። እኔን ያገባ ዕድሜ አይኖረውም። ይህ ብቻ አይደለም። አዋቂው ወረቀቱን አስቀምጦ፣ እዚህ ውስጥ ሰርግ አይታየኝም፣ ዕድሜም አጭር ነው፣ ለመሆኑ ልጅቷ ጤነኛ ናት ወይ ብሎ ጠየቀ አሉ። ሳ. ይህን ሁሉ የነገረኝ ስለለመንሁት ነው። ድምፁ ከጉድጓድ የሚወጣ ይመስላል።

ደም ግፊቴን ለካሁ። 110 በ70። እኔ ምን ሆንሁ? ሥራ ገባሁ፣ አንዲት ሴት አዋለድሁ፣ ሰዓቱን ጻፍሁ። ከዚያ መጋዘን ገብቼ በጓንት ካርቶኖች መሀል ቁጭ ብዬ አለቀስሁ።

ጥር 22፣ ዓርብ
መፍትሔ አለው አሉ። መጀመሪያ ከሙዝ ተክል ጋር ልጋባ። ክፉው ዕጣ ሙዙ ላይ ይወድቃል፤ ከዚያ ሙዙ ይቆረጣል፣ እኔም ነጻ። ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። አባባን አስበው እስቲ፣ ደብተር። አባባ፣ ሙሽራው መጥቷል፣ ሙዝ ነው። የክርስትና ስሙስ ማን ነው ይሉኛል። ደግሞ በጋይንት ብርድ ሙዝ ከየት ይበቅላል?

ሳ. ሳቄን አቋርጦ ነገረኝ። እናቱ ሁለት ቀን እህል አልቀመሱም። ያን ጊዜ አፈርሁ። ክፉ ሰው አይደሉም። አንድ ልጃቸው ይሞታል ተብሎ ተነግሯቸዋል፣ ምን ያድርጉ?

ማታ ለእማ ደውዬ ነገርኋት። ዕድሜ አጭር ነው ያለውን ሁለት ጊዜ አስደገመችኝ። ከዚያ ስልኩ ተዘጋ። ኔትወርክ መስሎኝ ነበር።

ጥር 25፣ ሰኞ፣ ቀን 9፡00
እማ መጣች። መ/ኢየሱስ ረግጣ አታውቅም። በነነዌ ጾም፣ ውሃ እንኳ ሳትቀምስ፣ ሁለት መኪና ቀይራ። ዘበኛው ጠራኝና ብወጣ በር ላይ ነጠላዋን አጥብቃ ቆማለች። ሰው የሞተ መሰለኝ። ማንም አልሞተም አለች። ከዚያ፣ ያ ሰዓት ያንቺ አይደለም አለች።

የየሺ ነው። ከእኔ በፊት የነበረችው እህቴ፣ በሁለት ዓመቷ ኩፍኝ የወሰዳት። ቤታችን ውስጥ ስሟ አይነሳም፤ የተወለደችበትን ቀንማ ማን ይነግረኝ?

ለምን አልኋት። ስምንና ሰዓትን የያዘ ያስራል፣ ዕድል ይዘጋል፣ ይህን እያወቅሁ ልጄን ባሕር ማዶ ላለ ለማላውቀው ሰው አሳልፌ ልስጥ? አለች። እንቢ እንዳትል ሰርጌ ይቀራል። ስለዚህ የሞተችውን ሰጠች። የሞተን ማን ያስራል አለች።

ጥር 26፣ ማክሰኞ
እንቅልፍ የለም። ትናንት ተቆጣሁ፣ ኑሮዬን ልታበላሺው ነበር አልኋት። አንገቷን ደፍታ ሰማችኝ። አሁን ይቆጨኛል።

አዋቂው ግን። ሰርግ አይታየኝም አለ። ዕድሜ አጭር ነው አለ። እኔ የጤና ባለሙያ ነኝ፤ ለብዙ ሰው ብዙ ነገር ከተባለ አንዱ ይገጥማል። ይህን አውቃለሁ። ግን ጸጉሬ ቆመ፣ ምን ልዋሽህ። እማ ደግሞ ገልብጣው አረፈች፦ የሺን ካያት አዋቂ ነው፣ ያንቺንም በደህና ያየዋል፣ ትክክለኛውን ላኪለት። ልትነግረኝ አፏን ስትከፍት አትንገሪኝ አልኋት። ለምን እንዳልሁ አላውቅም። ሃያ ሰባቴ ግን ተመልሶልኛል።

ጥር 28፣ ሐሙስ
ለሳ. ሁሉንም ነገርሁት። ለእናቱ ተረጎመላቸው። እሳቸውም ትክክለኛውን ሰዓት ይላኩልኝ አሉ።

እሱንም አሥራ አንድ ቢለውስ አልሁት። እናቴን አስለቅሼ ማግባት አልችልም፣ አንቺንም መተው አልችልም አለ። እውነቱን ነው የተናገረው፣ ያማል እንጂ። ስልኩን ዘጋሁት።

እማ ምድጃው ዘንድ ሆና ስትሰማ ነበር። ተረጋግታ፣ ሰዓቱ የእኔ ነው አለችኝ፣ ያማጥሁት እኔ ነኝ፤ ሴትዮዋ ከፈለገች አንቺንም እሱንም ትታ እኔን ትጠይቀኝ። ለሳ. ጻፍሁለት። እሑድ በቪዲዮ ይሁን አለ።

የካቲት 1፣ እሑድ፣ ማታ 12፡30
ስልኩን ከውሃ ጆግ ጋር አስደግፌ አቆምሁት። እናቱ ነጭ ለብሰው፣ ከእሱ ጎን። ዓይናቸው አብጧል። እማ ተነሥታ ቆማ እጅ ነሣች፣ በስልክ። እሳቸውም ሁለት መዳፋቸውን ገጥመው አጎነበሱ። እኔ ወጣሁ። ሳ. ያስተርጉም፤ እኔ አልችልም።

ደጅ ድንጋይ ላይ ተቀመጥሁ። ጎረቤት ጤፍ ያነፍሳል። አንድ ሰዓት ቆየሁ፣ ከዚያም በላይ። መጀመሪያ ልቅሶ ሰማሁ፣ የሁለት ሴቶች። ቀጥሎ እማ ስታወራ፣ ስታቆም፣ ስታወራ።

ወጣች። ዓይኗ ቀልቷል። ነገርሻቸው ወይ አልኋት።

የሺን ጠየቀችኝ አለች። ስንት ጥርስ እንዳወጣች፣ ምን ብላ ትጠራኝ እንደነበር፣ የት እንደቀበርናት። እሷም ከሳንጃይ በፊት አንድ ቀብራለች፤ ልጄ እንኳ አያውቅም አለችኝ፣ አሁን ሲያስተረጉም ነው የሰማው። ከዚያ ስላንቺ ጠየቀችኝ። ምን ትበላለች፣ ሲከፋት ምን ታደርጋለች።

ሰዓቱንስ?

አልጠየቀችኝም አለች።

ነገ ትጠይቅ ይሆናል፣ ደብተር። ከጠየቀች እነግራታለሁ ብላለች እማ፣ ለእሷ አልሰስትም። የዚያን ጊዜም አሥራ አንድ ይመጣ ይሆናል። ይምጣ። ለነገ ፈቃድ ወስጃለሁ፤ ከንጋቱ 12፡00 መኪና ይዤ ባሕር ዳር ወርጄ ፓስፖርት አመለክታለሁ። ውጤት አልጠብቅም።