የእናቴን ሽኝት መዝናኛ ላደረገው ኮሚሽን

ለተከበሩ የብሔራዊ ፀረ-አድልዎ ኮሚሽን ዋና ኮሚሽነር፣

ከሁሉ አስቀድሞ ጤናዎ እንዴት ነው? እኛ በባሕር ዳርቻዋ መንደር በፑንታ ሴካ የምንኖር ጋሪፉና የተባልን ጥቁር ሕዝቦች ያለ ከበሮም ቢሆን ደኅና ነን፤ ለእርስዎም ከጫጫታችን የራቀ ጥሩ እንቅልፍ እንመኛለን።

ኤውሴቢያ እባላለሁ፤ የኮኮናት ዳቦ ጋግሬ ባሕሩ ዳርቻ ላይ እሸጣለሁ። እናቴ ኒካሲያ ባለፈው ወር አረፈች። እኛ ዘንድ ሙት በዘጠነኛው ሌሊት በከበሮና በጭፈራ ይሸኛል፤ ካልተሸኘ ከቤቱ አይወጣም፣ ደጃፍ ላይ ቆሞ ይቀራል። በዚያች ሌሊት አጠገባችን ያለው ሆቴል «እንግዶቼ ተረበሹ» ብሎ ፖሊስ ጠራ፤ ፖሊሶቹም ከበሮዎቻችንን ጭነው ሄዱ። ሆቴሉ ራሱ ቅዳሜ ቅዳሜ እስኪነጋ ሙዚቃ ሲያስጮህ የሚጠራበት ፖሊስ የለም። ስለዚህ አቤቱታዬን ይዤ ወደ እርስዎ መጣሁ፤ ስለ መስተንግዶው ምስጋናዬን በተራ ላቅርብ።

አንደኛ፣ የበር ጥበቃዎ የጽዳት ሠራተኞች መግቢያ በጓሮ መሆኑን በትሕትና ስለ ጠቆመኝ አመሰግናለሁ። ጥቁር ሴት ለአቤቱታ ልትመጣ እንደምትችል በፀረ-አድልዎ መሥሪያ ቤት ማን ይገምታል?

ሁለተኛ፣ ጉዳዬን የያዘችው ባለሙያ እስከ መጨረሻው አዳመጠችኝና፣ «እማማ፣ ልቅሶ ላይ እኮ አይጨፈርም» አለችኝ።

«የኔ ልጅ፣ እናቴን እንዴት እንደምሸኝ አንቺ ነሽ የምታስተምሪኝ?» አልኳት። ደሜ ፈልቶ ነበር፤ አሁንም አልበረደም። ውሳኔው ግን እሷ እንዳለችው ወጣ፤ ጭፈራ ስላለበት መዝናኛ ነው፣ መዝናኛ ፈቃድ ይፈልጋል፣ ስለዚህ አድልዎ አልተፈጸመም።

ሦስተኛው ምስጋና ይበልጣል። በዚያው ሳምንት ለእኩልነት ቀን በዓልዎ አዳራሽዎ መጥተን በባህል ልብሳችን እንድንጨፍር ጋበዙን፤ ከበሮዎቹንም ለዚሁ ሲባል ከፖሊስ አስለቅቀው እዚያው እንደሚያስረክቡን ቃል ገቡ። ለካ ሥልጣኑ ነበረዎት።

ግብዣውን ተቀብለናል። የእናቴን ፎቶና ሻማ ይዘን፣ የዓሣ ሾርባና የካሳቫ ቂጣ ተሸክመን መንደሩ በሙሉ ይመጣል። ፎቶአችን ያለበት ማስታወቂያ በየአደባባዩ ስለ ተለጠፈ፣ ልሰርዝ ቢሉም አይመችም። እስኪነጋ እንጨፍራለን፣ እናለቅሳለንም። እንግዶችዎ ከደነገጡ መዝናኛ መሆኑን ውሳኔዎን አንብበው ያስረዷቸው። እናቴን ሳልሸኝ ከዚያ አዳራሽ አልወጣም።

ከእግርዎ ሥር ሳይሆን ከፊትዎ ቆማ እጅ የምትነሳዎት፣
ኤውሴቢያ አርሱ፣ የኒካሲያ ልጅ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ከበሮዎቹ ከእጃችን ከገቡ በኋላ ወደ ፖሊስ አይመለሱም። ልውሰድ የሚል ካለ ከእናቴ ጋር ይነጋገር፤ እሷ በሕይወት ሳለች እንኳ ባለሥልጣን አትፈራም ነበር።