ቅዳሜ የሚከፈት ጉርብትና

ለተከበሩ የዊሎውፊልድ የጥንት መንደር ሥራ አስኪያጅ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለቤተሰብዎና ጎረቤት ካለዎትም ለጎረቤትዎ እንደምን ሰነበታችሁ እያልኩ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። በእንግሊዝኛ የላክሁልዎትን ኢሜይል ኮምፒውተርዎ ወዲያውኑ አመስግኖ ስለሸኘው፣ ይህኛውን በአማርኛ መጻፌን እንደ ድፍረት አይቁጠሩብኝ፤ እርስዎ ባያነቡት እንኳ የሚያነበው ሰው ይገኛል ብዬ ነው።

ካውንስሉ፣ ማለትም ማዘጋጃ ቤቱ፣ ቤት ሰጥቶ ከኬንቲሽ ታውን ሰፈር ወደ ከተማው ዳር ወደ ኤድመንተን ካመጣኝ ወዲህ፣ እዚያ የቀሩት ወዳጆቼ እንመጣለን እንመጣለን ይላሉ፤ መንገዱ ወደ እኔ ሲሆን ይረዝማል መሰለኝ እስካሁን አልደረሱም። ስለዚህ የአራት ዓመቷ ልጄ ሄራን የእርስዎን መንደር እስክታይ ድረስ የሰው ቤት ገብታ አታውቅም ነበር።

፩. የመጀመሪያው ቅሬታዬ ስለ መስተንግዶዎ ማማር ነው። መንደርዎ ለጎብኚ በሚከፈትበት ቅዳሜ ትኬት ቆርጠን ስንገባ፣ የድሮ ሰው ልብስ ለብሰው እንግዳ ከሚቀበሉት ሠራተኞችዎ አንዷ፣ ሚስስ ሆብስ የተባሉት ባለ ነጭ ሽርጥ ሴት፣ ደጃቸው ላይ ቆመው ግቡ ጎረቤቶቼ፣ እሳት ዳር ተቀመጡ አሉን። ልጄን ስሟን ጠይቀው፣ ሊጥ እንድታቦካ እጅጌዋን ሰበሰቡላት። ስንወጣም ቤቴ ቤታችሁ ነው፣ ተመልሳችሁ ኑ ብለው ሸኙን። እንዲህ ያለውን ቃል እንደ ዋዛ መውሰድ ስላልለመድኩ አመንኳቸው፤ በአውቶቡስ ስንመለስም ከብዙ ጊዜ በኋላ ደስ ብሎኝ ነበር።

፪. ባዶ እጅ የሰው ቤት አይኬድምና፣ በሳምንቱ ቅዳሜ ድፎ ዳቦ ጋግሬ፣ ልጄን የክት ቀሚሷን አልብሼ መጣን። በር ላይ የነበረው ወጣት የውጭ ምግብ ክልክል መሆኑን በትሕትና አስረድቶ ዳቦውን ሎከር በሚሉት የዕቃ ማስቀመጫ ሣጥን ውስጥ ቆለፈብን። ከዚያ ደጁ ስንደርስ በዚያው ሽርጥ፣ በዚያው ስም፣ ያንኑ ቃል የሚናገሩ ሌላ ሴት አገኘን። ሄራን እሷ አይደለችም ብላ አለቀሰች። አዲሷ ሚስስ ሆብስ ቢደናገጡም ግቡ ጎረቤቶቼ ማለታቸውን አላቋረጡም፤ ለዚህ ጽናታቸው ሽልማት ቢያስቡላቸው መልካም ነው። የፊተኛዋን ስጠይቅ ፈረቃቸው መቀየሩ ተነገረኝ። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል ሲባል ሰምቼ ነው ያደግሁት፤ ጉርብትና በፈረቃ መሆኑን ያስተማሩኝ ግን እርስዎ ነዎትና አመሰግናለሁ።

፫. ሦስተኛው ቅሬታ በእርስዎ ላይ ይሁን በራሴ ላይ እርግጠኛ አይደለሁም። ሄራን ከዚያ ወዲህ የፊት ለፊት ጎረቤታችንን በር እያሳየች፣ ይሄኛውስ ቅዳሜ ይከፈታል ወይ ትለኛለች። ያ በር ለእኛ ተከፍቶ አያውቅም፤ እኔም አንኳኩቼው አላውቅም። ለእሷ ግን የተዘጋ በር ሁሉ የሥራ ሰዓቱ ያልደረሰ ነው። ብቸኞች ነን ተብሎ ለአራት ዓመት ልጅ እንዴት እንደሚነገር ስላላወቅሁ፣ ቅዳሜ እናያለን እያልኩ አቆያታለሁ።

የመንደርዎ ምድጃ በሥራ ሰዓት ሁሉ እንዳይጠፋ እየተመኘሁ፣ ጎረቤት ነሽ መባሉን ከልቧ ያመነች ታማኝ ጎብኚዎ፣

ተናኘወርቅ
ከኤድመንተን

ማስታወሻ፦ ሠራተኛ እንደሚፈልጉ አይቼ ለሚስስ ሆብስ ቦታ አፕላይ ላደርግ ነበር። እንግዳ አቀባበሌን የሚመሰክር ሬፈረንስ ሲጠየቅ ግን፣ ቤቴ ገብቶ የሚያውቅ ሰው አጣሁ። እርስዎ አንድ ቀን ብቅ ቢሉልኝ ፎርሙን እጨርሰዋለሁ፤ እኛ ቤት ትኬት አይቆረጥም፣ የውጭ ምግብም አይከለከልም።