ጥላው ባለበት በኩል

ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 8። ጀማ ወንዝ፣ ከዓለም ከተማ በታች።

የድልድዩን ምሰሶ የሚሸከመው ትልቁ የኮንክሪት ቀለበት ወደ ምሥራቅ አዘንብሏል። ከውስጡ አፈር በተቆፈረ ቁጥር በገዛ ክብደቱ ቀጥ ብሎ መስጠም ነበረበት። የሥራው መሐንዲስ እኔ ነኝና፣ በምዕራብ በኩል አለት ይዞት ይሆናል ብዬ ሦስት ቀን ስጨነቅ ሰነበትኩ። ዛሬ አጎቴን ጋሽ ተፈራን ጠየቅኋቸው። ቆፋሪዎቹን ከራቤል ይዘው የመጡት እሳቸው ናቸው።

«የምንቆፍረው ጠዋት ነው፤ ጠዋት ደግሞ ከውስጥ ጥላው በምሥራቁ ግድግዳ ሥር ነው፤ እኛም እዚያው ነን» አሉኝ። «የደጋ ሰው ቆላ አውርደሽ ፀሐይ ላይ ቆፍር ትይዋለሽ?»

ሳቅሁ። ከዚያ ፈራሁ። ቀለበቱ እንዲቃና በምዕራቡ ጠርዝ ሥር መቆፈር አለበት፤ እዚያ አፈሩ ሲለቅ ደግሞ ባንዴ ነው የሚወርደው።

ጋቢያቸውን ከላይ በገመድ ወጥረን ለምዕራቡም ጥላ አበጀንለት። ጋሽ ተፈራ ሌሎቹን አስወጥተው ብቻቸውን ቆፈሩ። አንድ ሰዓት ያህል የዶማው ድምፅ ብቻ ይሰማኝ ነበር። ድንገት ቀለበቱ አጉረምርሞ አንድ ስንዝር ወረደ። አቧራው ሁሉን ሸፈነው። የዶማው ድምፅ የለም።

«ጋሼ» ብዬ ተጣራሁ። ድምፄ የልጅነቴ ድምፅ ሆነብኝ።

«አለሁ። ጋቢው ነው የወደቀብኝ። ምን ዓይነት ቋጠሮ ነው የቋጠርሽው?»

ግማሹ ተቃንቷል። የቀረውን ነገ ራሴ እጨርሰዋለሁ ብለዋል። ለሚስታቸው ገብሱ ሳይወቃ እመልሳቸዋለሁ ብያለሁ። በእሳቸው ፋንታ ሌላ ሰው ይግባ እንዳልል፣ ያም ሰው እንደሳቸው የአንዷ አጎት ነው።